ካስክ የተሠራ ፀጉር ሳይበላሽ እንዲሰነብት፦ በቤት ውስጥ ጠቅልሎ በፒን የማሳደር ዘዴ

ቅዳሜ ካስክ ሥር ተቀምጠሽ ያሠራሽው ፀጉር እሑድ ጠዋት በአንድ በኩል ተጨፍልቆ በሌላው በኩል ቆሞ ካገኘሽው ሠሪዋን አትውቀሺ። ያበላሸው ሌሊቱ ነው። የጥጥ ትራስ ቅባቱን ይመጥጣል፤ አንቺ በተገላበጥሽ ቁጥር ፀጉሩ ከጨርቁ ጋር ይፋተጋል፤ ከራስ ቅል የሚወጣው ላብ ደግሞ ሥሩን ያረጥባል። ብዙዎቻችን መፍትሔው ጠዋት ጠዋት ፔስትራ ማስነካት ይመስለናል። ለሦስት ቀን ያህል ያምራል፤ ከዚያ ጫፉ መሰንጠቅና መሰበር ይጀምራል። በየዕለቱ የሚተኮስ ፀጉር አያድግም የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ከሥሩ ማደጉን አላቆመም፣ ከጫፉ ግን ያደገውን ያህል እየተሰበረ ነው።

ፀጉርን በራስ ዙሪያ ጠቅልሎ ማሳደር ያን ሁሉ ሙቀት ያስቀራል። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሳሎኖች የዘወትር ሥራ ነው፤ ‹ቱቢ› ይሉታል። ፀጉሩ በትልልቅ ቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር ይደርቃል፤ ቀጥሎ በፎንና በክብ ብሩሽ ይሳባል፤ በመጨረሻም በጭንቅላት ዙሪያ ተጠምጥሞ በፒንና በመረብ ይያዛል። በአርጀንቲና ‹ቶካ› ይባላል። ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ዘንድ ደግሞ ‹ዱቢ› በሚል ስም የታወቀ ነው፤ ዘፋኟ ሪሃና በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ላይ ፀጉሯን እንደተጠቀለለ በሚያብረቀርቁ ፒኖች አስጊጣ መድረክ ላይ ቀርባለች። የማደሪያ ጥቅልል ይዞ ሽልማት መቀበል ድፍረት ነው፤ እኛ ግን ጓዳ ውስጥ ቢቀር ይበቃናል።

ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ብቻ ይሆናል። ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ቅርጹን ከሚይዙት ማሰሪያዎች መካከል የሃይድሮጂን ቦንድ የሚባሉት ደካሞች ናቸው። ውኃ ሲያገኛቸው ወይም ሲሞቁ ይፈታሉ፤ ሲደርቁና ሲቀዘቅዙ ፀጉሩ በዚያች ቅጽበት በያዘው ቅርጽ ላይ መልሰው ይታሰራሉ። ካስክም ፎንም ፔስትራም ሥራቸው ይኸው ነው። (ፀጉር ማለስለሻው ኬሚካል፣ ሪላክሰር፣ ይለያል፤ የሚሰብረው ጠንካሮቹን የሰልፈር ማሰሪያዎች ስለሆነ ፀጉሩ ቢታጠብም ወደ ነበረበት አይመለስም።) እንግዲህ ስትጠቀልዪው ጭንቅላትሽ ራሱ አንድ ትልቅ ቢጎዲን ይሆናል ማለት ነው። ፀጉሩ ሌሊቱን ሙሉ ተዘርግቶና ተወጥሮ ስለሚያድር ሥሩ በሌሊት ላብ ትንሽ ቢረጥብ እንኳን የሚደርቀው በተዘረጋበት ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ባታነቢ እንኳን ይህችን ያዢ። መጠቅለል የተስተካከለ ፀጉርን ይጠብቃል እንጂ ያልተስተካከለውን አያስተካክልም። ለካስክ፣ ለፎን፣ ለፔስትራና ለሪላክሰር ፀጉር፣ እንዲሁም በተፈጥሮው ሉጫ ወይም ለዘብ ያለ ሞገድ ላለው ይሆናል። ሙቀት ያልነካውን ከርዳዳ ፀጉር እንዲህ ለማስተኛት መታገል ግን ፀጉሩን መጉዳት ነው፤ ለእሱ ሹሩባ ወይም በክር ጠምጥሞ መሳብ ይሻለዋል። ርዝመቱ ቢያንስ አገጭ ቢደርስ ጥሩ ነው። ከዚያ ያጠረው ይጠቀለላል፣ ግን ፒን ይበዛበታል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያለው ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ጥርሱ ሰፊ የሆነ ማበጠሪያ፣ ጅራታም ማበጠሪያ፣ የፀጉር መረብ፣ የሳቲን ሻሽ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ጠፍጣፋ የፀጉር ፒኖች። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በብሩሹ ነው፤ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ፒኑንና ሻሹን ነው።

አንድ ፒን አንሺና ተመልከቺው። ሁለት እግር አለው፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ሞገድ ሞገድ የተሠራ። ሞገዱ ያለው እግር ሁልጊዜ ወደ ራስ ቅል ነው የሚዞረው፤ ፀጉሩን ቆንጥጦ የሚይዘው እሱ ነው። ብዙ ሰው ቀጥ ያለውን ወደ ውስጥ አድርጎ ይሰካና ‹‹ፒኑ እየሾለከ አስቸገረኝ›› ይላል። ቀጥሎ የእግሮቹን ጫፍ በጣትሽ ዳስሺ። ጫፉ ላይ ትንሽ የላስቲክ ጠብታ ካለ ደግ ነው፤ ጠብታው ወልቆ ሽቦው ከቀረ ግን ያ ፒን ከዚህ በኋላ ለሣጥን ማሰሪያ እንጂ ለራስ አይሆንም። ራስ ቅልን ይቧጭራል፣ ሲወጣም ፀጉር ነቅሎ ይወጣል። የዛገውንም እንዲሁ ጣዪው።

ሻሹ የጥጥ እንዳይሆን። ነጠላም ቢሆን ጥጥ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሠራ ፀጉርሽ ላይ ስትከናነቢ እንኳን ከሥሩ ስስ ሳቲን ብታደርጊ ፀጉሩ ሳይጨማደድ ትመለሻለሽ። ዘጠና ሳንቲ ሜትር በዘጠና የሆነ አራት ማዕዘን ሳቲን ይበቃል። ሐር ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ አያሳስብም። መርካቶ ካሉት የጨርቅ ሱቆች አንድ ሜትር ሳቲን አስቆርጠሽ ዳሩን ማስዘምዘም ተሰፍቶ ከሚሸጠው ይረክሳል። ለልብስ ፎደራ የሚሆነው የሚያንሸራትት ጨርቅም ያገለግላል።

1. ማድረቅ

የሥራው ግማሽ እዚህ ነው። በእርጥብ ፀጉር ላይ ጠቅልሎ መተኛት የጠበቅሽውን ተቃራኒ ይሰጥሻል፤ የረጠበው ሥር እንደተጣጠፈ ይደርቅና ጠዋት ጉብ ጉብ ብሎ ይነሣል። በተጨማሪም በሻሽ የታፈነ እርጥበት ራስ ቅልን ያሳክካል፣ ጠረንም ያመጣል።

ፀጉርሽ ከላይ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ አትመኚው። የእጅሽን ጀርባ በማጅራትሽ ላይ፣ ቀጥሎ ከጆሮሽ ኋላ ሥሩ ድረስ አስገቢ። ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ እርጥበት አለ። እነዚህ ሁለት ቦታዎች ዘግይተው ይደርቃሉ፤ ሠሪዎችም ወረፋ ሲበዛባቸው የሚያልፏቸው እነሱን ነው። ፎን ካለሽ በመካከለኛ ሙቀት ሥሩ ሥሩን አድርቂና በመጨረሻ ቀዝቃዛውን አየር ልቀቂበት። ከዚያ ፀጉሩ ሙቀቱ እስኪወጣለት አሥር ደቂቃ ያህል ተዪው። ትኩስ ፀጉር ገና ቅርጹን አልያዘም፤ ያን ጊዜ የጫንሽበት ፒን ምልክቱን ትቶበት ያድራል።

2. ቅባት

ሁለት ሦስት ጠብታ ቀላል ዘይት መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ከመሐል እስከ ጫፍ አስነኪ። ሥሩን ተዪው፤ የራሱ ቅባት ይበቃዋል። በውኃ የተበጠበጠ ክሬም በዚህ ሰዓት አይቀባም፤ ስታደርቂው ያመሸሽውን መልሶ ማርጠብ ነው። ቅቤም የዛሬ ሌሊት ሥራ አይደለም። ለጋ ቅቤ ለፀጉር ያለውን ውለታ የሚክድ የለም፤ ቦታው ግን ከመታጠብ በፊት ነው። በተሠራ ፀጉር ላይ ከሆነ ዘለላውን ከዘለላ ያጣብቀዋል፣ ሻሹንም ያበላሻል።

3. መጠቅለል

መስተዋት ፊት ቁጭ በይ። ክርንሽን የምታሳርፊበት ጠረጴዛ ካለ መጀመሪያ ላይ ክንድሽ አይዝልም።

አቅጣጫ እንምረጥ፦ ከቀኝ ጆሮ ወደ ማጅራት፣ ከማጅራት ወደ ግራ ጆሮ፣ ከግራ ጆሮ በግንባር በኩል ዞሮ ወደ ቀኝ። አንዴ ከተጀመረ በኋላ አንድም ዘለላ በተቃራኒው መሄድ የለበትም።

የመክፈያውን መስመር አጥፊና ፀጉሩን በሙሉ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ፍቺው። ከዚያ በጅራታሙ ማበጠሪያ ከአናትሽ ላይ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል ክብ ለይተሽ በመያዣ ያዢ፤ የእሱ ተራ መጨረሻ ነው። ፀጉርሽ ስስ ከሆነና አናቱ ላይ ተጣብቆ መዋሉ የሚያስጠላሽ ከሆነ ይህን ክብ በአንድ ትልቅ ቢጎዲን ጠቅልዪው። ዶሚኒካኖቹም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሲፈታ አናቱ ቀና ብሎ ይወጣል። ከቢጎዲን ጋር መተኛት ግን ለሁሉም ሰው አይመችም።

አሁን ከቀኝ ጆሮ በላይ ካለው ፀጉር ሦስት ጣት የሚያህል ዘለላ ውሰጂ። ብሩሹን ሥሩ ላይ አስቀምጪና ጭንቅላትሽን ተከትለሽ ወደ ማጅራት ሳቢ። የግራ እጅሽ መዳፍ ብሩሹን እግር በእግር ይከተል፤ ብሩሹ ያስተኛውን መዳፉ ይጫነው። ችሎታው ያለው በዚህ በግራ እጅ ላይ ነው። ብሩሹ ከፀጉሩ ከመነሣቱ በፊት መዳፉ ካልደረሰ ፀጉሩ ያብጥና እንደገና መጀመር ይኖርብሻል። መሳቡ ጠንከር ይበል እንጂ ቅንድብሽን የሚያነሣ አይሁን።

የመጀመሪያው ዘለላ ማጅራት ሲደርስ ቀጥሎ ካለው ፀጉር ጋር አዋህጂውና አንድ ላይ ወደ ግራ ጆሮ ውሰጃቸው። ዘለላ በዘለላ ላይ እየጨመርሽ ዙሪያውን ትሄጃለሽ። ማጅራት ላይ ያለው አጭር ፀጉር ወደ ታች ማምለጥ ይወዳል፤ አገጭሽን ወደ ደረትሽ ዝቅ አድርጊና ከታች ወደ ላይ ሰያፍ አድርገሽ አበጥሪው። ከግራ ጆሮ ወደ ግንባር ስትዞሪ ብሩሹን አቅልዪ። የግንባር ዳር ፀጉር ቀጭን ነው፣ ቶሎም ይበጠሳል፤ እዚያ ላይ የብሩሹ ሥራ ማለስለስ ብቻ ነው።

ዙሩ ሲያልቅ ለይተሽ የያዝሽውን የአናት ፀጉር ፍቺ፣ በዚያው አቅጣጫ አበጥረሽ ከላይ አልብሺው፤ ጫፉንም ከጥቅሉ በታች አስገቢው። ወገብ የሚደርስ ፀጉር ከአንድ ዙር በላይ ይሄዳል፤ ችግር የለውም፣ ይዙር። በደረጃ የተቆረጠ ፀጉር ግን አጫጭር ጫፎቹ ከመሐል መሐል ብቅ ብቅ ይላሉ። እነሱን እያሳደድሽ ፒን አትጨርሺ፣ መረቡ ያስተኛቸዋል።

4. ፒን

ፒን ከፀጉሩ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይተኛል። ፀጉሩ ወደ ግራ ከሄደ ፒኑም ወደ ግራ። ፀጉሩን አቋርጦ የተሰካ ፒን ጠዋት ላይ መስመር ያወጣል፤ ያንን መስመር ደግሞ ያለ ሙቀት ማጥፋት ያስቸግራል።

ፒኑን በጥርስሽ አትክፈቺው። ጣትሽ በጥቂቱ ከፈት ካደረገው ይበቃል፤ በኃይል የተከፈተ ፒን ልል ይሆናል። አንዱ እግር ከዘለላው በታች፣ ሌላው በላይ ሆኖ ከራስ ቅል ጋር ለጥ ብሎ ይግባ። የመጀመሪያውን ማጅራት ካለፍሽ በኋላ ወደ ግራ ገፋ አድርገሽ ሰኪ፤ ሁለተኛውን ከግራ ጆሮ በላይ፣ ሦስተኛውን ከግንባሩ ዳር ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ። ዳሩ ላይ ራሱ ፒን አይሰካም። የቀሩትን ጫፎቹ ባለቁበት ቦታ ተጠቀሚባቸው። ፀጉርሽ ስስ ሆኖ ምልክት ቶሎ የሚይዝ ከሆነ ከፒኑ በታች በትንሹ የታጠፈ ሶፍት አድርጊ።

ከአሥራ ሁለት በላይ እያስፈለገሽ ከሆነ ስህተቱ ፒኑ ጋ አይደለም። ወይ ብሩሹ ከመዳፉ ቀድሟል፣ ወይ ፀጉሩ አልደረቀም። ፒን የሚይዘው ሻሹ እስኪታሰር ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የሻሹ ነው።

5. መረብና ሻሽ

መረቡን ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን በሁለት እጅ ለጥጠሽ ከላይ ወደ ታች አውርጂው፤ እየጎተትሽ ካለበስሽው የሠራሽውን ይዞት ይሄዳል። ፎን ካለሽ በመረቡ ላይ ለአምስት ደቂቃ ለዘብ ያለ ሙቀት፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ አየር ብትሰጪው ጥቅሉ ይበልጥ ይጸናል። ከሌለሽ እለፊው።

ሻሹን ሦስት ማዕዘን አድርገሽ እጠፊ። ሰፊው ዳር ግንባር ላይ፣ ሹሉ ማጅራት ላይ ይዋል። ሁለቱን ጫፎች ወደ ኋላ ወስደሽ በሹሉ ላይ አጣምሪና ወደ ፊት መልሰሽ ከጆሮሽ በላይ በጎን በኩል እሰሪ። ማጅራት ላይ የታሰረ ቋጠሮ እንቅልፍ ይነሣል፤ መሐል ግንባር ላይ የታሰረ ደግሞ ምልክት ይጥላል። ጥብቀቱን የምታውቂው አንድ ጣት ሳይታገል ሲገባበት ነው። ራስሽን ካመመሽ ጠብቋል፤ ‹‹ይለመዳል›› ብለሽ አትተኚበት።

ከመተኛትሽ በፊት በምትተኚበት በኩል ያሉትን ፒኖች በሻሹ ሥር አግኝተሽ ሳቢያቸው። ሻሹ ይዞታል፣ አይፈታም። በፒን ላይ ተኝተሽ የምታድሪበት ምክንያት የለም።

6. ጠዋት

ሻሹ የሚፈታው የመጨረሻ ሥራ ሆኖ ነው። ገላሽን ታጠቢ፣ ልብስሽን ልበሺ፣ ቁርስሽን አድርሺ። እንጀራ የምትጋግሪ ከሆነማ ፈጽሞ አትንኪው፤ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር ፊትሽ ላይ የሚወጣው እንፋሎት የካስኩን ገንዘብ በአንድ ምጣድ ይበላዋል። የቡና ጭሱ ጠረን ደግሞ ሻሹ ላይ ይቅር።

ፒኖቹን በገቡበት መንገድ ሳቢ፣ አትጠምዝዣቸው። ጥቅሉን በጣትሽ በመጣበት ተቃራኒ ዘርጊው፤ ብሩሽ ገና ነው። ፀጉሩ መጀመሪያ ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ይወርዳል፣ አትደንግጪ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዪውና በሰፊው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሪ፤ መክፈያውንም አሁን አውጪ።

በማግስቱ ማታ አቅጣጫውን ቀይሪ፤ ዛሬ በቀኝ የጀመርሽውን ነገ በግራ። በየማታው በአንድ በኩል የሚጠቀለል ፀጉር ሥሩ ወደዚያው ማዘንበል ይለምዳል፤ ጫናውም ሁልጊዜ አንድ የግንባር ጎን ላይ ይወድቃል።

ያልተሳካ እንደሆነ

ጫፉ ወደ ውጭ ከተቀለበሰ ዙሩ ሲያልቅ ጫፉን ከጥቅሉ በታች ሳታስገቢው ቀርተሻል። ሥሩ ጉብ ካለ እርጥበት ነበረ። መስመር ከወጣበት ፒኑ አቋርጦ ገብቷል፤ በመስመሩ ላይ ብቻ የፎን ሙቀት በክብ ብሩሽ አስነኪ፣ ሙሉውን ፀጉር መልሰሽ አትተኩሺ። ሻሹ ሌሊት ሾልኮ ትራስ ላይ ከተገኘ ደግሞ ትራሱንም ሳቲን አልብሺው። አጠቃለሉን ሳትለውጪ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ቀላል ዘዴ እሱ ነው።

ጊዜውና ቦታውም ይወስናል። አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት በኋላ ባለው ደረቅ አየር ጥሩ የተጠቀለለ ፀጉር እስከሚቀጥለው እጥበት ሊሰነብት ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ፀጉሩ ከቤት ሳይወጣ ማበጥ ይጀምራል። ዝናብ ባዘለ ቀን ፀጉሩን እንደተጠቀለለ ሻሽ አስረሽበት ወጥተሽ የምትሄጂበት ደርሰሽ መፍታት ይሻላል። ዱባይ ወይም ጅዳ ያለሽ እህትም የምትታገዪው ከዚሁ ጋር ነው፤ የባሕር ዳርቻው ወበቅ አለ፣ ከውጭ ወደ ቤት ስትገቢ ደግሞ የማቀዝቀዣው ደረቅ አየር ይቀበልሻል። ቀኑን በሻሽ ወይም በሂጃብ ሥር የምታሳልፊ ከሆነ ጥቅሉን ሳትፈቺ ልትውዪ ትችያለሽ፤ ማታ ግን ፍቺው፣ ራስ ቅልሽ ይተንፍስ፣ ላብ ካለበት በፎን ቀዝቃዛ አየር ይድረቅ፣ ከዚያ እንደገና ጠቅልዪ። ዋሽንግተን አካባቢ በሐምሌና በነሐሴ ያለው ወበቅም ይህንኑ ይጠይቃል።

የግንባርሽ ዳር እየሳሳ መምጣቱን ካየሽ፣ ወይም ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠትና ሕመም ካለ፣ ለጥቂት ሳምንታት አትጠቅልዪ። በተደጋጋሚ የሚሳብ ፀጉር መጀመሪያ የሚሳሳው እዚያ ነው፤ ቶሎ ካረፈ ይመለሳል፣ ከቆየ ግን ሥሩ ሊሞት ይችላል። በሳቲን ሻሽ ልል አድርጎ መጠምጠም ለዚያ ጊዜ ይበቃል። ካልተሻለው የቆዳ ሐኪም ይየው።

ሻሹን በየሳምንቱ በእጅሽ በጥቂት ሻምፑ እጠቢ፣ ሳትጨምቂ ጥላ ውስጥ አስጪው። ቅባት የጠገበ ሳቲን ማንሸራተቱን ያቆማል፤ ግንባር ላይ ለሚወጣው ብጉርም አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ፒኖቹን ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀምጪ፣ መታጠቢያ ቤት ግን አታኑሪያቸው፤ እርጥበቱ በቶሎ ያዝጋቸዋል።